ሕፃንና ሽማግሌ የሚቀርቡበት ማዕድ

በቁይና በአካባቢው የሚያስቀድሰው ሰው ብዙ ነው፤ ሥጋ ወደሙን የሚቀበለው ግን ከሁለቱ የዕድሜ ጫፎች የመጣ ነው። መካከሉ ለምን ባዶ ሆነ? ዛሬስ ማን እየሞላው ነው?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማ፣ ከጮቄ ተራራ ወገን የሚወርደው ውርጭ የግቢውን ሣር ባነጣበት በአንድ የእሑድ ሌሊት፣ ዶሮ ሁለተኛ ሳይጮኽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ባለችው ዝቅተኛ ጎጆ ውስጥ፣ ዕድሜው ከዐሥራ ሰባት የማይበልጥ አንድ ዲያቆን ተንበርክኮ እሳት ያነድዳል። ጎጆዪቱ ቤተ ልሔም ትባላለች፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው፣ ለጽዋውም የሚሆነው ዘቢብ የሚጨመቀው በእርስዋ ውስጥ ነውና እንደ ስሟ የእንጀራ ቤት ናት። ምእመን ወደ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድለትምና እኔ ከደጇ ራቅ ብዬ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ በተከፈተው በር የሚታየኝን ያህል ብቻ አያለሁ።

የሚታየኝም ይህ ነው። ዲያቆኑ ከአንዲት የላስቲክ ከረጢት ዘቢብ በመዳፉ ላይ ያፈስሳል፤ በጧፉ ብርሃን እያንዳንዷን ፍሬ ያገላብጣታል፤ ጭራዋን በጥፍሩ ይነቅላል፤ የተበላሸችውን ይለያል፤ ደኅናዪቱን ውኃ ወዳለበት ዕቃ ይጥላል። ሲጨርስ ከረጢቷን ወደ ጧፉ አንሥቶ የቀረውን በዓይኑ መዘነ፤ ከእፍኝ አይበልጥም። ከዚያም አጥፎ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጣት።

ንጋቱ ሲቀርብ ቃጭል ጮኸ። የተሸፈነው መሶበ ወርቅ ከቤተ ልሔም ወጣ፤ ጥላ ተዘረጋለት፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውም ሕዝብ ነፋስ እንደ መታው የገብስ አዝመራ በአንድ ጊዜ አጎነበሰ። አማርኛችን በደብሩ ዙሪያ ላለው መንደርና ለንጋት መባቻ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ሁለቱንም አጥቢያ ይላቸዋል፤ በዚያች ሰዓት በዚያ ግቢ ለቆመ ሰው ሁለቱ ለምን አንድ ስም እንደ ያዙ መጠየቅ አያስፈልገውም።

የዚህ አጥቢያ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን አይተውም። ወንድ ልጁን በአርባ፣ ሴት ልጁን በሰማንያ ቀን የሚያስጠምቀው፣ ሙታኑን የሚያስፈታው፣ ዘሩን የሚያስባርከው በዚሁ ደብር ነው፤ መንገዱ በደጁ የሚያልፍ ከሆነም ከበቅሎው ወርዶ ወይም ባጃጁን አቁሞ ሳይሳለም አያልፍም። ካህናቱ ድርገት ሲወርዱ ግን የሚሆነው ነገር እንግዳውን ያስደንቃል። ቅድስቱንና ቅኔ ማኅሌቱን፣ ከዚያም አልፎ ግቢውን የሞላው ሕዝብ ወደ ኋላ ይልና መንገድ ይከፍታል፤ በተከፈተውም መንገድ በመጀመሪያ የታቀፉ ሕፃናት፣ ቀጥሎ ጥርስ የሚለውጡ ልጆች፣ በመጨረሻ መቋሚያ የተመረኰዙ ሽማግሎችና ቆብ የደፉ እማሆዮች ያልፋሉ። ከሃያ እስከ ስድሳ ያለው ዕድሜ ቆሞ ያያል።

አንዲት ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሚሆናት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ቀረበች። በዕርፈ መስቀሉ የተቀዳው ለሕፃኑ ምላስ ደረሰ፤ ሕፃኑ ፊቱን ቋጥሮ ዋጠ፤ እናቲቱም አፉን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ማየ መቁረሩን አጠጣችው። የእርስዋ ከንፈር ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ከዓምዱ ሥር ቆመች። እርስዋም በአራስነቷ በእናቷ እቅፍ ሆና እንዲሁ ቆርባለች፤ ዳግመኛ የምትቀርበው፣ ዕድሜ ከሰጣት፣ ጠጉሯ ሲሸብት ይሆናል።

«ከሃያ እስከ ስድሳ ያለው ዕድሜ ቆሞ ያያል።»

«ቆርቤ ካፈረስሁስ?»

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበር። በደጀ ሰላሙ በድንጋይ ላይ በረድፍ ተቀምጠን ድፎ ዳቦ ተቈረሰልን፤ ጠላ በሽክና ዞረ። የጠየቅሁትን ጥያቄ በቅዳሴ ሰዓት ጠይቄው ቢሆን ኖሮ የሚመልስልኝ አላገኝም ነበር፤ በሰንበቴ ግን ሰው ይፈታል።

አንድ የአራት ልጆች አባት የሆነ ገበሬ ሽክናውን አስቀምጦ፣ «ጌታው፣ እኔ ያለሁት በሰማንያ ነው» አለኝ። «ነገ ከሚስቴ ጋር ምን እንደሚገጥመኝ አላውቅም። ቆርቤ ካፈረስሁስ? ማን ያቆመኛል?»

በዚህ አነጋገር ውስጥ የነገሩ ሥር አለ። በጎጃም ገጠር አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነው፤ ይህም በሽማግሎችና በዋሶች ፊት የሚደረግ ውል ሲሆን ስሙን ያገኘው ውሉን ያፈረሰ ከሚከፍለው ከ80 ብር መቀጫ ነው ይባላል። ውል እንደ መሆኑም ይፈርሳል፤ ባልና ሚስት በሽማግሌ ፊት ከብቱንና እህሉን ተካፍለው ሊለያዩ ይችላሉ። በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ ግን ከሞት በቀር የሚፈታው የለም፤ ደናግል ከሆኑ በተክሊል፣ ከዚያ ውጭ ከሆኑም በጸሎትና በሥጋ ወደሙ የሚጸና ነው። ስለዚህ በአገሬው አእምሮ መቁረብና የማይፈርስ ጋብቻ አንድ ነገር ሆነው ቀሩ፤ ትዳሩን ለዕድሜ ልክ ለማሰር ያልደፈረ ሰው ጽዋውንም አይደፍርም። ቄስ ሊሆን የሚወድ ዲያቆን ግን አስቀድሞ በቁርባን ማግባት ግዴታው ስለ ሆነ፣ ከጎልማሶቹ መካከል ዘወትር የሚቆርቡት ካህናቱ ብቻ ሆኑ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በዚህ አገር «ቆራቢ ናት» የተባለች ሴት ከገበያ ክርክር፣ ከቡና ወሬ፣ ከሠርግ ጭፈራ እንድትርቅ የሚጠብቅባት መንደሩ ሁሉ ነው፤ አንዲት ጠላ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት፣ «ልጄ፣ እኔ ሰካራም ስገላግል አመሻለሁ፤ በዚህ አፌ ምን ልቀበል?» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። ሌላው «ገና ነኝ» አለኝ፤ ሌላው «አልበቃሁም»፤ ሌላው ደግሞ ጣቱን ወደ መቃብሩ ስፍራ ቀስሮ «እዚያ ልሄድ ስል» አለኝ።

አረጋውያን ባልና ሚስት አብረው የሚቆርቡበት ቀን ግን በመንደሩ እንደ ሁለተኛ ሠርግ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በሰማንያ ኖረው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ በንስሐ አባታቸው ምክር በአንድ እሑድ ነጭ ለብሰው ይቀርባሉ። ልጆቻቸው ጠላ ይጠምቃሉ፤ ጎረቤት ይጠራል። እንዲህ ያለ ቀን ያየ ሰው ደስታውን አይረሳም፤ ነገር ግን እነዚያ ባልና ሚስት ሲጣሉና ሲታረቁ፣ ልጅ ሲቀብሩ፣ በሬ ሲሞትባቸው፣ ጽዋው እጅግ ባስፈለጋቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከዓምዱ ሥር ቆመው ነበር።

የደብሩ ቄሰ ገበዝ አጭር ተናጋሪ ናቸው። «መድኃኒት የሚጠጣው የታመመ ነው» አሉ፤ «የኛ ሰው ግን ድኜ ልምጣ ይላል።»

ልማዱ ልማድ እንጂ ትምህርት አለመሆኑን የምንረዳው ከመጻሕፍቱ ነው። በሲኖዶስ መጽሐፍ ከተሰበሰቡት የሐዋርያት ቀኖናት አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ንባቡን ሰምተው ከቁርባኑ ሳይካፈሉ የሚወጡትን ሥርዓት እንደሚያፋልሱ ሰዎች ይቈጥራቸዋል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ይሰብክ የነበረው፣ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም መሥዋዕቱ በየዕለቱ ሲቀርብ የሚካፈለው በመጥፋቱ በምሬት ተናግሯል። የቁይ ችግር እንግዲህ የቁይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ነው።

አምስት ሰው የሌለበት ደብር

ቅዳሴ በአንድ ሰው አይቀደስም። ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ አምስቱም ከእህልና ከውኃ የተከለከሉ፣ በንጽሕና ያደሩ መሆን ይገባቸዋል። በከተማ ይህ ቀላል ይመስላል። በገጠር ግን ከዲያቆናቱ አንዱ ሚስት ለማግባት ወደ አባቱ አገር ሄዷል፤ አንዱ ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደብረ ማርቆስ ወርዷል፤ አንዱ ታሟል፤ ከቀሳውስቱም አንዱ ለቅሶ ላይ አድሯል። እንግዲያው ሰው ከጎረቤት ደብር ይለመናል፤ የተለመነውም በውድቅት ሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል። ይህን ሁሉ ያስቀዳሹ አያውቀውም፤ እርሱ የሚያየው መጋረጃው ሲከፈት ብቻ ነው።

የሚቆርበው ምእመንም ከዋዜማው ጀምሮ 18 ሰዓት መጾም አለበት፤ ከተቀበለ በኋላም ማየ መቁረሩን ጠጥቶ አፉን ሸፍኖ፣ ሳይተፋና ሳይሯሯጥ፣ በዝምታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የድርገቱን ሰዓት የሚያስጌጥ ዝማሬ የሚባል ራሱን የቻለ የዜማ ትምህርት አለ፤ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ በአምስት የሚከፈል ሲሆን ዋናው ጉባኤው በጋይንት ምድር ባለችው በዙር አምባ ነው። ቁርባንን የተመለከተ ዜማ ብቻውን ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ባለበት አገር የሚቆርብ ሰው መጥፋቱ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እኛ ጎጃሞችም በዚህ በኩል ከወቀሳ አንተርፍም፤ ዲማንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያፈራን ሰዎች ነንና የመምህሩን ቅኔ ወርቅና ሰም ለመለየት ሌሊቱን ሙሉ ቆመን እናድራለን፤ የቅኔው ምሥጢር የሆነው ማዕድ ሲቀርብ ግን ጫማችንን እንፈልጋለን።

የድቦው ሊቅ

ይህ ማዕድ በጎጃም የክርክርም ምክንያት ሆኖ ያውቃል። ከቁይ ብዙ በማይርቀው በእነብሴ ምድር፣ ንግሥት እሌኒ በመሠረተችው በመርጡለ ማርያም፣ እስከ ዛሬ የሚታይ የተጠረበ ድንጋይ ሥራ አለ። ከሥራው የሚበዛው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊካውያኑ ሚስዮናውያን፣ ከኢየሱሳውያን፣ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጎጃም ስለ ቅዱስ ቁርባን ከካቶሊካውያን ጋር ያደረገው የመጀመሪያ ክርክርም ከዚያው ዘመን ይነሣል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን በልብ መለወጥ አልረካም፤ ጥምቀቱን፣ ክህነቱን፣ ጾሙንና ቅዳሴውን በላቲኑ ሥርዓት መጠን ሊያርም ተነሣ። ገበሬው ስለ ባሕርይ ክርክር ብዙ ላያውቅ ይችላል፤ አባቱ የቆሙበት ቅዳሴ ሲነካ ግን ያውቃል። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያው በመርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ድቦ በምትባል ስፍራ፣ በ1780ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ የተወለደ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑ የጠፋ አንድ ልጅ በገዳሙ ተምሮ መነኰሰ፤ በጎንደርም ሊቅ ተባለ። ይህ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። በ1833 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ ከላኳቸው መልእክተኞች አንዱ ሆኖ ሲሄድ፣ አብሯቸው የተጓዘው ኢጣልያዊው የላዛሪስት ማኅበር ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር። ደ ያቆቢስ የሜንዴዝን ስሕተት አልደገመም፤ እንደ አገሩ መነኵሴ ለበሰ፣ በአገሩ ቋንቋ ተናገረ፣ የግእዙንም ቅዳሴ ይዞ ቀጠለ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1836 ዓ.ም. ካቶሊካዊ ሆነ፤ በ1843 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። ግብጽ ወርዶ ባመጣቸው በአቡነ ሰላማ ዘመን ታሰረ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር በሰንሰለት እየተጎተተ በነሐሴ 1847 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሞተ። ሮም በመስከረም 1919 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመችው፤ መምህሩ ደ ያቆቢስም በጥቅምት 1968 ዓ.ም. ቅድስና ታወጀለት።

ስለ አባ ገብረ ሚካኤል በእነብሴ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ሊነገር ሲጀምርም ቶሎ ወደ ክርክር ይገባል። የማን ወገን ትክክል እንደ ነበረ መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች አንዱን የግእዝ ቅዳሴ ይዘው ነው የተለያዩት።

«ሁለቱም ወገኖች አንዱን የግእዝ ቅዳሴ ይዘው ነው የተለያዩት።»

ቅዳሴው ከዚያም በፊት ሮምን ያውቃት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሆነው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትሙ የቅዳሴውን ሥርዓት ጨምረው ነበር። ዛሬም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ካቶሊካውያን፣ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር የሚገኙት በብዛት የሚቀድሱት በዚሁ በግእዝ ሥርዓት ነው፤ በደቡብና በምዕራብ ያሉት አብዛኞቹ ላቲኑን ይከተላሉ። እኛ አጥቢያ የምንለውን እነርሱ ቁምስና ይሉታል፤ አስተዳዳሪውም ቆሞስ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከትን ሲያቋቁሙ የድቦው ሊቅ አገር በአዲሱ መንበር ሥር ዋለች።

ሮማውያን ከሌላው ጫፍ

በአዲስ አበባ ለአንድ ካቶሊካዊ ካህን ስለ ቁይ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እኛም እንዲሁ ነበርን» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በምዕራቡ ዓለም በመካከለኛው ዘመን ምእመኑ ከመቁረብ እጅግ በመራቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1215 በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ፣ እንዲቆርብ ማዘዝ ነበረበት። ሕዝቡ ኅብስቱን ከመብላት ይልቅ ማየትን መረጠ፤ ካህኑ ኅብስቱን ከፍ ሲያደርግ ቃጭል ይመታና ሰው ከየስፍራው ሮጦ አይቶ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1264 የቅዱስ ቁርባን በዓል ለመላው ቤተ ክርስቲያን ታወጀ፤ ሥጋ ወደሙ በመንበር ላይ ተገልጦ ምእመናን በፊቱ በዝምታ የሚሰግዱበት ሥርዓትም እየጠነከረ ሄደ። ማዕዱ ግን ባዶ ነበር። ይህን የለወጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥረኛ ናቸው፤ በ1898 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ ሞት ከሚያመጣ ኃጢአት የነጻና ቅን ሐሳብ ያለው ምእመን ሁሉ ዘወትር፣ ዕለት ዕለት እንኳ፣ እንዲቀርብ ጋበዙ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ልጆች ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምሩ፣ ማለት በሰባት ዓመት ገደማ፣ እንዲቆርቡ አዘዙ። ከእኩለ ሌሊት ይጀምር የነበረው ጾምም እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ሦስት ሰዓት፣ በ1964 ወደ አንድ ሰዓት ወረደ።

መንገዱ በዚህ አላበቃም። ጾሙ ሲያጥር ኑዛዜውም አጠረ፤ ሰው ሁሉ በሰልፍ መቁረብ ሲለምድ፣ ምን እንደሚቀበል ማሰቡን የተወ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ካቶሊካውያኑን ሲጠይቅ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም እንደሚሆን የሚያምነው ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጳጳሳቱ ደነገጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም የቅዱስ ቁርባንን ፍቅር ለማደስ የሦስት ዓመት እንቅስቃሴ ጠሩ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢንዲያናፖሊስ በአንድ ስታዲየም በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ በሥጋ ወደሙ ፊት ተንበረከከ።

ካህኑ ይህን ተርከው ሲያበቁ፣ «እነርሱ ማዕዱን ለመዱት፤ እናንተ ፈራችሁት» አሉ። የእኔ ፍርድ ከእርሳቸው ትንሽ ይለያል። መልመድን በጉባኤ ማከም ይቻል ይሆናል፤ በስታዲየም የተደረገው እርሱ ነውና። ፍርሃትን ግን በጉባኤና በስብከት ብቻ አናክመውም፤ ቁልፉ ያለው በንስሐ አባቱ እጅ ነው። አንድ ካህን ሁለት መቶ የንስሐ ልጆች ይዞ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጠበል ሊረጭ ብቻ ቤታቸው የሚገባ ከሆነ፣ ያ ገበሬ ስለ ሚስቱና ስለ ሰማንያው ለማን ይናገር?

መካከሉ

ሆኖም መካከሉ እየሞላ ነው፤ ቀስ ብሎም ቢሆን። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ አጥቢያውን በሰበካ ጉባኤ ሲያደራጅ ለወጣቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ስፍራ ሰጠው፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን በግቢ ጉባኤ ሰበሰበው። ከቁይ ወጥቶ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር የተማረ ልጅ ለዕረፍት ሲመለስ በእናቱ ቤት ሁለት አዲስ ነገር ይዞ ይገባል፤ አንዱ የእጅ ስልክ ነው፤ ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እራት አታቅርቡልኝ፤ ነገ እቆርባለሁ» ማለቱ ነው። እናቲቱ መጀመሪያ የምትደነግጠው በሁለተኛው ነው። «ልጄ፣ ምን አገኘህ? ታመምህ እንዴ?»

አንድ የሃያ ስምንት ዓመት መምህር ይህን ከራሱ ቤት እየሳቀ ነገረኝ። እርሱና እጮኛው በቁርባን ለመጋባት ወስነው ለአንድ ዓመት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካከሩ። ሽማግሎቹ አልወደዱትም፤ «ገና ሳትተዋወቁ ራሳችሁን አሰራችሁ» አሏቸው። መምህሩ የመለሰው አንድ ነገር ነበር፤ «አባቶቼ፣ እናንተ በሰማንያ ገብታችሁ አርባ ዓመት አልተለያያችሁም፤ እኛ የምንሰጋው ከምን ነው?» ሽማግሎቹ ዝም አሉ።

የሚያሳዝነኝም አለ። በከተማ የተክሊል ሠርግ እየበዛ ሲሄድ ሥጋ ወደሙን በሚቀበሉ ሙሽሮች ፊት የቪዲዮ ካሜራ ሲቆም፣ ሚዜው ነጠላቸውን ለፎቶግራፍ ሲያስተካክል አይቻለሁ፤ የቆረበ ሁሉ በሳምንቱ ሌላውን «አንተስ መቼ ነው?» ብሎ የሚያስጨንቅበት ቦታም አለ። መቁረብ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ የመፎካከሪያ ዕቃ ከሆነ የቁይ ገበሬ ፍርሃቱ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ቄሰ ገበዙም ለወጣቶቹ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ «ስትመጡ ዝም ብላችሁ ኑ፤ ስትሄዱም ዝም ብላችሁ ሂዱ።»

ከቁይ ከመነሣቴ በፊት ያን ዲያቆን ከቤተ ልሔም ሲወጣ አገኘሁት። ዐይኖቹ ከጢሱ የተነሣ ቀልተዋል፤ ስለ ዘቢቡ ጠየቅሁት። «ይህችን ያህል ድሮ ወር ታደርሰን ነበር» አለኝ። «የሚቆርበው ሕፃንና አሮጊት ነበራ። አሁን ወጣቶቹ ስለ መጡ ሁለት እሑድ ከበቃች ተመስገን ነው።» ዘቢቡ በቁይ አይበቅልም፤ ነጋዴ ከከተማ ያመጣዋል፤ ሲወደድ ይጠፋል፤ መንገድ ሲዘጋም ጨርሶ አይታይም። ዕጣንና ጧፍ ቢጎድል ካህናቱ እንደ ምንም ይቋቋሙታል፤ ያለ ዘቢብ ግን ቅዳሴ የለም።

እንግዲህ የዚህ አገር ተወላጆች ሆናችሁ በከተማ የምትኖሩ አንባብያን፣ ለበዓል ወደ ወላጆቻችሁ ስትወርዱ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ኪሎ ዘቢብ ያዙ። ለቄሰ ገበዙ ስጡት፤ እርሳቸውን ካጣችሁም ዲያቆኑ ቅዳሜ ማታ እዚያው ያድራል፤ ቤተ ልሔሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው።